«አይገባኝም» የሚባለው ወደ ቁርባኑ ሲቀርቡ ነው

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ)፦ «31 ዓመቴ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። ለብዙ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ቆይቼ ተመለስኩ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ የሰጡኝንም ቀኖና ፈጸምኩ። ‹አሁን ቁረቢ› ካሉኝ ዓመት አለፈኝ፤ አልቻልኩም። ቅዳሴውን አስቀድሼ መቁረቢያው ሲደርስ ወጥቼ እሄዳለሁ። ቀኖናው ካለቀ በኋላም ስግደቱን በራሴ ቀጥያለሁ፤ ጨምሬበታለሁም። ሌላው ነገር፣ አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለትምህርቴ የከፈለውንና የሚልክልኝን ሁሉ በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። እንደምከፍለው ስነግረው ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል እንደ ድሮው አይደለንም። ሰው ሲሰጠኝ ለምን ይጨንቀኛል? ትሕትና ነው ወይስ ትዕቢት?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ትሕትና ወይስ ትዕቢት ብለሽ ሁለት ምርጫ ሰጥተሽኛል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ከጽሑፍሽ ጎልቶ የሚታየኝ ግን ፍርሃት ነው። የሰጠኝ ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ «እስኪ እንተሳሰብ» ይለኛል የሚል ፍርሃት። ለወንድምሽ ደብተር ያስያዘሽም፣ ከቅዳሴው መሀል የሚያስወጣሽም እርሱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

አክስትሽን አላውቃቸውም። ደግ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሙት ልጅ ማሳደግም ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ማንም ሳያስተምረው የሚማረው ነገር አለ። እንጀራ ሲጨመርለት ሳይጠግብ «በቃኝ» ይላል። ሳይታዘዝ ተነሥቶ ዕቃ ያጥባል። አዲስ ጫማ ሲገዛለት ከጫማው በፊት የቤቱን ልጆች ፊት ያያል። በንዴት አንድ ጊዜ «አብልቼ አሳድጌሽ» የሚል ቃል ከተወረወረማ ለሃያ ዓመት ጆሮ ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ያደገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ሰጪ ይወጣዋል፤ ለዘመድ ለጎረቤት እጁ አይታጠፍም። ለእርሱ ሲሰጡት ግን ያልበዋል።

አገር ምድሩም ያግዘዋል። ሠርግ ላይ ማን ስንት እንደሰጠ ይጻፋል፤ ሰውዬው በተራው ልጁን ሲድር ያንኑ ያህል፣ ከተቻለም ጨመር ተደርጎ ይመለስለታል። እኔ ይህን አልነቅፍም። ስንት ድሃ ቤት በዚሁ ተረዳድቶ ሙቱን በክብር ቀብሯል፣ ልጁን ድሯል። ጣጣው የሚመጣው ያንኑ መዝገብ ይዘን መቅደስ ስንገባ ነው። እግዚአብሔር ለቅሶ የለበትም፣ ለድግስ የሚያንሰውም የለም፤ ብድሩን በየትኛው አጋጣሚ ልትመልሺለት ነው?

ከመጽሐፍ ቅዱስ ለአንቺ ነገር የሚቀርበው፣ እንደ እኔ፣ የጠፋው ልጅ ታሪክ ሳይሆን የዮሴፍ ወንድሞች ታሪክ ነው። እስከ መጨረሻው ብዙ ሰው አያነበውም። ወንድማቸውን ሸጡት፤ ከዓመታት በኋላ በግብፅ ገዥ ሆኖ አገኙት፤ ራሱን ገለጠላቸው፤ አንገታቸውን አቅፎ አለቀሰ፤ በጌሤም ምድር አስቀመጣቸው፤ እነርሱንም ልጆቻቸውንም መገበ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። ያዕቆብ ግብፅ በገባ ጊዜ 130 ዓመቱ ነበር፤ ሲሞት 147። 17 ዓመት ማለት ነው። በእነዚህ 17 ዓመታት ወንድማማቾቹ የዮሴፍን እንጀራ በሉ፣ በምድሩ ከብት አረቡ፣ ልጅ አሳደጉ። አባታቸው በሞተ ማግሥት ምን አሉ? «ምናልባት ዮሴፍ ይጠላን ይሆናል፤ ባደረግንበትም ክፋት ሁሉ ብድራትን ይመልስብን ይሆናል።» ፊት ለፊት ለመምጣት እንኳ አልደፈሩም፤ መጀመሪያ መልእክተኛ ላኩ። «አባትህ ሳይሞት ይቅር በላቸው ብሎ አዝዞ ነበር» አስባሉ፤ አባትየው እንዲህ ማለቱ በሌላ ቦታ አልተጻፈም፤ ብዙ ተርጓሚዎችም በጭንቀት የፈጠሩት ነው ይላሉ። ቀጥሎ ራሳቸው መጥተው ተደፉና «እኛ ለአንተ ባሪያዎች ነን» አሉት።

17 ዓመት ሙሉ ይቅርታው ውስጥ ኖረው አላመኑትም። እየበሉት አላመኑትም። «ባሪያዎችህ ነን» ማለታቸውንም ልብ በይ፤ ባሪያ የሆነ ሰው ቢያንስ የቆመበትን ያውቃል። ሠርቶ ይበላል፤ በነፃ የተሰጠው ነገር ስለሌለ የሚፈራው ጥያቄም የለም። ወንድም መሆን ነው የከበዳቸው። ዮሴፍስ? ዘፍጥረት 50፣ ቁጥር 17 ላይ «ዮሴፍም ይህን ሲሉት አለቀሰ» ይላል። ጉድጓድ ውስጥ ስለጣሉት አይደለም ያለቀሰው፤ ያ ቀርቶ ነበር። ያስለቀሰው አለመታመኑ ነው። ወንድምሽ ስልክ ላይ የተቆጣው ለምን እንደሆነ ከዚህ ቁጥር የተሻለ ማስረጃ ላቀርብልሽ አልችልም።

አሁን ወደ ቅዳሴው እንሂድ። ምን እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ካህኑ እጁን ታጥቦ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል፤ ንጹሕ ያልሆነ ግን አይቀበል» ሲል፣ በመለኮት እሳት ስለመቃጠልም ሲጨምር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንቺ ብቻ የቀረሽ ይመስልሻል። ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነው፤ አላቀለውም። ግን የሚናገረው ለማን ነው? በልቡ ቂም ይዞ፣ ኃጢአቱን ሸፍኖ፣ ንስሐ ሳይገባ ለሚቀርብ ነው። አንቺ አልሸፈንሽም። ተናዘሻል፣ ቀኖናሽን ፈጽመሻል፣ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውሻል። ከዚያ በኋላ «እኔ ግን አልተፈታሁም» ማለት ፍርዱን ከዳኛው ወንበር ላይ አንሥቶ ወደ ቤት መውሰድ ነው።

ታገሺና እስከ መጨረሻው ቁሚ። ኋላ ላይ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል፤ ቅዱስ የሆነው ለቅዱሳን ነው ማለቱ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ቃል የለም፤ እዚያ ከቆመው ሕዝብ ማን ነው ቅዱስ? ሕዝቡ ግን «አዎ፣ እኛ ነን» አይልም፤ «አይደለንም» ብሎም አይወጣም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ነው የሚለው። ስለ እኛ ቅድስና ሲጠየቅ ስለ እግዚአብሔር ቅድስና ይመልሳል። ከዚያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ ይቆያል። ሊቀበል የሚቀርበው ደግሞ የመቶ አለቃውን ቃል ይዞ ነው የሚቀርበው፤ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ጎስቋላ ከሆነች ከቤቴ ጣሪያ በታች ትገባ ዘንድ አይገባኝም» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። «አይገባኝም» የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን አልከለከለችሽም፤ እንዲያውም በጸሎት አድርጋ አፍሽ ላይ አኑራልሻለች። ያኖረችው ግን ወደ ቁርባኑ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። አንቺ ይህንኑ ቃል ይዘሽ በበሩ ትወጫለሽ። ቃሉ ትክክል ነው፤ የሄድሽበት አቅጣጫ ነው የተሳሳተው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ መልእክቱ «ሳይገባው» የሚበላውን ከገሠጸ በኋላ ወዲያው ምን ይላል? «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ።» ራሱን ፈትኖ ከማዕዱ ይራቅ አላለም። በነገራችን ላይ እዚያ የተገሠጹት ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉ ምስኪኖች አልነበሩም፤ ሌላውን ሳይጠብቁ የየራሳቸውን እራት እየበሉ የሚሰክሩ፣ የሌለውንም የሚያሳፍሩ ነበሩ። ያ ተግሣጽ እየተጎተተ መጥቶ እንደ አንቺ ያለውን ሰው ማስፈራሪያ መሆኑ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ይህ ችግር ያንቺ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። የብዙ አጥቢያችንን የቁርባን ሰልፍ ተመልከቺ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ፣ ከዚያ አረጋውያን። በመሀል ያለው ሰው፣ ኃይሉም ፈተናውም ያለው፣ ዳር ቆሞ ያያል። (እርግጥ ነው፣ የወጣቱ ቁጥር ከድሮው ጨምሯል።) ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፤ በኤፌሶን መልእክት 3ኛ ድርሳኑ ላይ፣ በከንቱ በመሠዊያው ፊት እንቆማለን፣ የሚቀበል የለም ብሎ ያዝናል። ቀጥሎ፣ ድግስ ተጠርቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ የማይበላ ሰው ጠሪውን አይሰድበውም ወይ ብሎ ይጠይቃል። እርሱ ለኃጢአት የሚራራ ሰው አልነበረም፤ በዚያው ድርሳን ንጽሕናን አጥብቆ ይጠይቃል። የእስክንድርያው ቄርሎስ ደግሞ የዮሐንስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍን ሲተረጉም «አይገባኝም» ብለው የሚርቁትን ይሞግታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዛሬ ካልተገባህ መቼ ነው የሚገባህ? መውደቅህ እንዳትቀርብ ካደረገህ፣ መውደቅህም የማያቋርጥ ከሆነ፣ ሕይወት የሚሰጠውን ሳትቀበል ልትኖር ነው። ቄርሎስ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ታላቅ አባትና መምህር እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።

ስለ ጨመርሽው ስግደት። የሶርያው ጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ሊፈወስ ለነቢዩ ኤልሳዕ 10 መክሊት ብርና 6,000 ወቄት ወርቅ ጭኖ ነበር የመጣው። ነቢዩ ወጥቶ እንኳ ሳያየው «በዮርዳኖስ ታጠብ» አስባለው፤ ሰውየው ተናደደ። ከንዴቱ የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረምን አሉት። ላንቺም የምለው ይህንኑ ነው። የንስሐ አባትሽ «ሌላ ሁለት መቶ ስገጂ» ቢሉሽ ያን ቀን ማታ ትጨርሺው ነበር፤ «ሂጂና ተቀበይ» ስላሉሽ ዓመት ፈጀብሽ። ስግደት መልካም ነው፤ የሥጋም የነፍስም ነው። ካህኑ ያላዘዙትን ስግደት በተሰረየ ኃጢአት ላይ መደርደር ግን የወንድምሽን ደብተር ሌላ ቅጂ መያዝ ነው።

የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ስታነግሺ፣ 78 ነፍስ ያጠፋው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት ማግኘቱ ሲነገር እልል ሳትዪ አትቀሪም። (በዚህ ታሪክ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ዛሬ አልገባበትም።) ለእርሱ እልል የምንለው ሰዎች ለራሳችን ሲሆን ሚዛኑን እንቀይረዋለን፤ ይህን ብዙ ጊዜ አስተውያለሁ።

«እንግዲያ ሥራ የለም? ምግባር የት ሊገባ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ምግባር ቦታው ሁለተኛ ላይ ነው። ቀራጩን ዘኬዎስን እዪው። ገና ዛፉ ላይ ሳለ ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» አለው፤ ያን ጊዜ ሰውየው አንዲት ሳንቲም አልመለሰም ነበር። ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ የተነሣው እንግዳው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በደስታ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ዘኬዎስ ሂሳቡን እየሠራ ዛፉ ላይ ያድር ነበር።

መቀበል ራሱ ከባድ መሆኑን ጴጥሮስም አሳይቶናል፤ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል አክብሮት ነበር የመሰለው። መልሱ «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» ሆነ። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ አባቶች ጎንበስ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ ሰዉን አስተውዪው። አንዱ ካልሲውን ለማውለቅ ያፍራል። ሌላው ጳጳስ ወይም ሽማግሌ ቄስ እግሩ ሥር ሲያይ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል። ብዙዎቻችን ደግሞ ከቤት በሳሙና አጥበን ነው የምንመጣው፤ ሊታጠብ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ይታጠባል! ነውር አይደለም፣ ወግ ነው፤ ግን የጴጥሮስ ነገር በእያንዳንዳችን እንዳለች ያስታውቃል።

መመለስ አለብኝ የሚለው ጥያቄሽ ግን በራሱ መጥፎ ጥያቄ አይደለም፤ ዳዊትም በመዝሙር 115 «ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምንን እመልሳለሁ?» ብሎ ጠይቆታል። የሰጠውን መልስ ግን አይተሽዋል? «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ።» ምን ልክፈል ብሎ ተነሣና፣ ሌላ ልቀበል አለ። ለእግዚአብሔር የሚመለስ ብድር ይህ ነው፤ ሌላ የሚወስደው ነገር ከእኛ ዘንድ የለም። ስእለቱና የምስጋናው መሥዋዕት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ፤ መዝሙሩ ላይም የሚመጡት ከጽዋው በኋላ ነው።

ወደ ወንድምሽ። ደብተሩን አቃጥዪ አልልሽም፤ እንዲህ ያለ የቲያትር ምክር አልወድም። ምናልባት አንድ ቀን እርሱም ይቸገራል፤ በባዕድ አገር ያለ ሰው ኑሮ ከዚህ ሆኖ እንደሚታየው አይደለም፤ ያኔ ትደርሽለታለሽ፣ ያም እኅትነት ነው። አሁን የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ደውዪለትና ስለ መክፈል ሳታነሺ፣ የላከልሽ ገንዘብ ምን እንዳደረገልሽ ንገሪው። የትኛው ዓመት ላይ ትምህርቱን ልታቋርጪ እንደነበር፣ በምን እንደቀጠልሽ፣ ዛሬ በዚያ ትምህርት ምን እንደምትሠሪ። ሰጪ የሚፈልገው ወሬ ይህ ነው። «እከፍልሃለሁ» ያልሽው ቀን የሰማው «የአንተ እኅት ሳልሆን ተበዳሪህ ነኝ» የሚል ሳይሆን አልቀረም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጠይቅሽ። አንዱን ኃጢአት ለተለያዩ አባቶች ደጋግመሽ ትናዘዣለሽ? ጸሎት ላይ አንድ ቃል የተሳሳትሽ ሲመስልሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ? ስግደቱን በትክክል ቆጥሬአለሁ ወይ እያልሽ ትደግሚያለሽ? መልስሽ «አዎ» ከሆነና ቀንሽን የሚበላ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመንፈሳዊ ሕይወት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ኦሲዲ የሚሉት፣ አንድን ሐሳብ ወይም ድርጊት ያለ ፈቃድ የሚያስደጋግም ሕመም በሃይማኖተኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይመጣል፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይረዳል። ከሰው አፍ ፈርተሽ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ቢከብድሽ የአእምሮ ሐኪም ያለበት ሌላ ቦታ ሞልቷል። ጠበሉም ጸሎቱም ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው።

እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ለአባትሽ ደውዪና ሁለት ነገር ንገሪያቸው፦ ዓመት ሙሉ እንዳልቆረብሽ፣ በራስሽም ስግደት እንደጨመርሽ። ስግደቱን «ቀጥዪ» ካሉሽ በእርሳቸው ፈቃድ ቀጥዪ፤ «ተዪው» ካሉሽ ተዪው፤ መተዉ ከመስገዱ ይበልጥ እንደሚከብድሽ እገምታለሁ። ከዚያ የምትቆርቢበትን እሑድ አብራችሁ ቁረጡ፤ «ሲመቸኝ» አትበዪ፣ አይመችሽም። የ18 ሰዓቱን ጾም ታውቂዋለሽ፤ በአጥቢያሽ ሥጋ ወደሙ የሚሰጠው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ከሆነ ከቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውሃም የለም ማለት ነው። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምትቆርብ ጓደኛ ካለሽ አጠገብሽ ትቁም፣ መውጫው ላይ አይንሽ እንዳይሄድ።

ከተቀበልሽ በኋላ ምንም የተለየ ነገር ላይሰማሽ ይችላል። እንባ የሚመጣለት አለ፣ እንቅልፍ የሚመጣበትም አለ። ጠበሉን ጠጪ፣ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ «አጠፋሁ፣ መቅረብ አልነበረብኝም» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ለራስሽ አዲስ ቀኖና አትስጪ። ለአባትሽ ደውለሽ የሚቀጥለውን ቀን ያኔውኑ ተቀጣጠሪ።